ዜሮ የሆነው የጋሽ በየነ ጫካ

እኛ ሙሉ ቁጥር የማንወድ ሕዝብ ነን! አትቆጡ፣ ላስረዳ። ሰው «ደህና ነህ?» ሲለን «ደህና ነኝ» ብለን መገላገል ስንችል «ይመስገን፣ እንዲያው አለን» እንላለን። «ምሳ በልተሃል?» ሲሉን «ቀመስ አድርጌያለሁ»። የቀጠርነው ሰው ደውሎ «የት ደረስክ?» ሲለን ደግሞ ገና አልጋ ሥር ካልሲያችንን እየፈለግን «ደርሻለሁ ማለት ይቻላል!» እናንተም ብላችኋል፣ አትካዱ። አሁንም ይህን ስታነቡ የሆነ ቦታ ቆሞ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ። ኑሯችን በሙሉ በ«አዎ» እና በ«አይ» መካከል ነው፤ በሂሳብ አነጋገር ከነጥቡ በኋላ ማለት ነው።

ይህን እውነት ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ ከእኔ በቀር። እኔ የገባኝ ሚስቴ ልትሆን የነበረችው ልጅ ከእጄ ልታመልጥ ስትል ነው።

ሥራዬ ካርታ መሥራት ነው። ሚዛን ተፈሪ ውስጥ፣ መስኮቱ ወደ ባጃጅ ተራ በሚያይ ቢሮ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ ኮምፒዩተር ላይ አፈጣለሁ። ካርታ ስላችሁ ወንዝና መንገድ የተሳለበት ወረቀት እንዳይመስላችሁ። የኔ ካርታ እንደ ሂሳብ ደብተር በትንንሽ ሳጥኖች የተከፋፈለ ነው። ሳተላይት ከላይ ሆኖ ያነሳውን ፎቶ እንወስድና በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር እናስቀምጣለን። ዘንድሮ የታዘዝነው የቡና ጥላ ካርታ ነበር፤ ቡና ገዢዎች «ጫካ ተጨፍጭፎ የተተከለ ቡና አንፈልግም» ስላሉ የማን ቡና በዛፍ ጥላ ሥር እንዳለ መታየት ነበረበት። ሳጥኑ ሙሉ በሙሉ በዛፍ ከተሸፈነ ቁጥሩ አንድ ነው። ባዶ ሜዳ ከሆነ ዜሮ። በመካከል ያለው ደግሞ እንደ ሽፋኑ መጠን ዜሮ ነጥብ ስድስት፣ ዜሮ ነጥብ ሰባት እየተባለ ይሄዳል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ቡና ሁሉ በመካከል ያለ ነው። ዋንዛውና ሰሳው ከላይ ይዘረጋል፤ ቡናው ከሥር ሆኖ በቅጠሉ መሐል ሾልካ የምትመጣ ፀሐይ ይጠብቃል። ጥላ ሲበዛበት አያፈራም፣ ሲያንስበት ይጠወልጋል። ጎበዝ ገበሬ የሚባለው ዛፉን ሳይቆርጥ፣ ቅርንጫፉን ብቻ እየመረጠ እየመለመለ፣ ብርሃኑን ለቡናው የሚመጥን ሰው ነው።

ካርታውን ጨርሼ ላስቀምጥ ስል ኮምፒዩተሩ «ቦታ የለኝም» አለ። ለምን አይኖረውም? አለቃዬ ወይዘሮ አስቴር የእህታቸውን የሠርግ ቪዲዮ አስቀምጠውበታላ! ከነመልሱ፣ ከነቅልቅሉ!

«ወይዘሮ አስቴር፣ ሠርጉን ወደ ፍላሽ ብናዛውረውስ?»

«ፍላሽ ቫይረስ አለው። አንተ ካርታውን አሳንሰው።»

ካርታ ደግሞ ያንሳል እንዴ? ትሉ ይሆናል። ያንሳል። ነጥብ ያለው ቁጥር ብዙ ቦታ ይበላል፤ ሙሉ ቁጥር ግን በትንሽ ቦታ ይብቃቃል። ኮምፒዩተሩ «ቁጥሩ ምን ዓይነት ይሁን?» ብሎ በትህትና ጠየቀኝ። እኔም «ሙሉ ቁጥር» የሚለውን ተጫንኩ። ፋይሉ ወዲያው ኩምትር አለ፤ ወይዘሮ አስቴርም «ብራቮ!» አሉኝ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የኔ ኮምፒዩተር ሙሉ ቁጥር አድርግ ሲሉት እንደ ሰው አስቦ ወደሚቀርበው አይጠጋም። ከነጥቡ በኋላ ያለውን በሙሉ ቆርጦ ይጥለዋል። ዜሮ ነጥብ ሰባት? ዜሮ! ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ዘጠኝ? እሱም ዜሮ! ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ይህን ተምሬ ተፈትኜበታለሁ። የዚያን ዕለት ግን ትዝ አላለኝም፣ ምክንያቱም ስልክ ላይ ነበርኩ። ካርታው ታትሞ ሲወጣ አረንጓዴ ይሆናል ያልኩት ቦታ ሁሉ ከአንዲት ጥግ በቀር ነጭ ሆኖ አየሁት፤ «ይሄ ማተሚያ አረንጓዴ ቀለሙ እያለቀ ነው» አልኩና ጠቀለልኩት። ስልኬን እንኳ ከጆሮዬ አላነሳሁም።

ስልኩ ላይ የነበረችው ዝናሽ ናት። ዝናሽ ቴፒ የሂሳብ መምህርት ናት። የተዋወቅነው ሚኒባስ ውስጥ ነው። ጭቃው መኪናውን ይዞት ተሳፋሪው በሙሉ ወርዶ ሲገፋ እኔ ከጎኗ ሆኜ ገፋሁ፤ እስካሁንም ከጎኗ አልራቅኩም። የዚያን ዕለት የምናወራው ስለ ሽማግሌ ነበር። አባቷ ጋሽ በየነ ከሚዛን ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ መንደር ውስጥ የሚኖሩ፣ በቡና ጫካቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። ወላጆቼ ሩቅ ስለሆኑ ሽማግሌ ሆነው የሚሄዱልኝ አከራዬ ሐጂ ሙዘይን ናቸው። ሐጂ ገበያው መሐል ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ከጅማ መጥተው ሚዛን ውስጥ ከሸበቱ ወዲህ የክርስቲያኑንም የሙስሊሙንም ልጅ ሲድሩ የኖሩ፣ ለሽምግልና ተጠርተው ባዶ እጃቸውን ተመልሰው የማያውቁ ሰው ናቸው።

እሑድ ጠዋት ሐጂ ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ሄዱ። እኔ ሱቃቸውን እየጠበቅኩ አንዲት ደንበኛ ሻሽ ብትለኝ አንሶላ ቆረጥኩላት። ከሰዓት በኋላ ተመለሱ።

«ምን አሉ ሐጂ?»

«እጅግ መልካም ነው» አሉ፣ ጃንጥላቸውን እያራገፉ።

«እኮ ምን አሉ?»

«ልጅቷ ገና ልጅ ናት አሉ።»

«ሐጂ! ዝናሽ እኮ ሠላሳ ሊሞላት ነው!»

«ዘመድ ላማክር አሉ።»

«ከዚያስ?»

«ዝናቡ ይለፍና ተመለሱ አሉ።»

ሚዛን ተፈሪን የማታውቁ ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እዚህ ዝናብ አያልፍም! ትንሽ አረፍ ይላል እንጂ። ዝናቡ ሲያልፍ እከፍልሃለሁ ያለ ሰው አልከፍልህም ማለቱ ነው። እኔም የጨርቅ ጣቃ ላይ ዘፍ አልኩ።

«እምቢ አሉኝ በቃ!»

«ማን እምቢ አለህ?» ሐጂ ተቆጡ። «ከግቢያቸው አስወጡን? ውሻ ለቀቁብን? ተመለሱ አሉ እኮ! ሰውዬው ወግ የሚያውቁ ናቸው፤ አንተ ግን ወግ አታውቅም።»

ለዝናሽ ደወልኩና «አባትሽ እምቢ አሉ» አልኳት። «ቃል በቃል ንገረኝ» አለች። ነገርኳት። በስልኩ ውስጥ ሳቋ ፈነዳ።

«ገና ልጅ ናት አለ? ዘመድ ላማክርም ብሏል? አንተ! እሺ ለማለት እኮ የቀረው ትንሽ ነው! ለታላቅ እህቴ ባል ሽማግሌዎች ኀዘን ላይ ነን ብሎ ነው የመለሳቸው። የሞተብን ሰው እንኳ አልነበረም!»

«እሺ ካሉ ታዲያ ለምን እሺ አላሉም?»

«በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ለመገላገል የቸኮለ ነው። ያንተ ችግር ምን እንደሆነ ልንገርህ? ከነጥብ በኋላ ያለውን አትሰማም።»

የሂሳብ መምህርት ስለሆነች እንዲህ ትናገራለች ብዬ አለፍኩት። ሐጂም «ትንሽ ቆይተን እንመለሳለን» አሉ። እኔ ኩርፊያዬን ይዤ ጠበቅኩ።

በዚህ መሐል ወይዘሮ አስቴር ጠሩኝና «ካርታውን ይዘህ ሂድና ለገበሬዎቹ አስረዳ» አሉኝ። የት? ጋሽ በየነ ቀበሌ! እንዴት ብዬ እሄዳለሁ? ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳያገኝ በልጅቷ አባት ደጅ ሲመላለስ ምን ይባላል? ዓይን አውጣ ነው የሚባለው። ስለዚህ ካርታውን ለሚኒባስ ረዳት ሰጥቼ ላክሁት። የቀበሌው የእርሻ ባለሙያም ተቀብሎ ግድግዳ ላይ ለጠፈው። ነጩ ዜሮ፣ ማለትም ባዶ መሬት፣ አረንጓዴው አንድ፣ ማለትም የዛፍ ጥላ መሆኑንም ለተሰበሰበው ሕዝብ አነበበለት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

ካርታው ከተለጠፈ ሁለት ወር ሲሆነው ሐጂ ለሁለተኛ ጊዜ ሄደው ተመለሱ። በዚህኛው ዙር ጃንጥላቸውን አላራገፉም። እያንጠባጠቡ ሱቅ ገብተው ቆሙ።

«እምቢ አሉ።»

«እንዴት ብለው?»

«እምቢ ብለው።»

«ከዚያስ? ዘመድ፣ ዝናብ፣ ምናምን...»

«ምንም የለም። እምቢ! አራት ነጥብ።» ሐጂ ቆባቸውን አወለቁ። «ስንት ቤት ለሽምግልና ሄጃለሁ፤ እንዲህ ራቁቱን የቆመ እምቢ ግን በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም።»

ነገሩ ቀስ በቀስ ወጣ። አቀባበሉ ጥሩ ነበር። ጋሽ በየነም ፊታቸው ፈክቶ ነበር። ሐጂ ግን ነገሩን ጨርሰው ሊመጡ ፈለጉና እኔን ማሞገስ ጀመሩ። የተማረ ነው አሉ። ጨዋ ነው አሉ። አሁንም አልበቃቸውም። «ያ ቀበሌያችሁ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ካርታ እንኳ የእሱ ሥራ ነው!» አሉ። ጋሽ በየነ ይህን ሲሰሙ ከመቀመጫቸው ተነሱ።

«የኔን ጫካ ባዶ ነው ያለው እሱ ነው? ጫኔን አንድ፣ እኔን ዜሮ ያለው?»

ጫኔ የጋሽ በየነ ጎረቤት ነው። አባቱ የተዉለት የቡና መሬት አለው፤ ገጀራ ይዞ የገባበትን ጊዜ ግን የሚያስታውስ ሰው የለም። ሐረጉ ቡናውን ውጦታል፣ ቅርንጫፉ ተቆላልፏል፤ ፍሬ ፍለጋ የገባ ጦጣ መውጫው ጠፍቶት ይጮኻል ይባላል። እንግዲህ ከኔ ካርታ የተረፈው ብቸኛ ሰው ጫኔ ነው! መሬቱ ከዳር እስከ ዳር በቅጠል ስለተደፈነ ሳጥኖቹ ሁሉ ድፍን አንድ ናቸው። መንደሩ በሙሉ ነጭ ሆኖ የጫኔ መሬት ብቻ ለምለም አረንጓዴ ሆኗል። ያ የእርሻ ባለሙያም በስብሰባው ላይ «ከጫኔ ተማሩ» ብሎ አረፈው። ጫኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ምክር መስጠት ጀመረ። «ሚስጥሩ አለመንካት ነው» ይላል አሉ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ።

ወደ ቢሮ በረርኩ። የሳተላይቱን ፎቶ አወጣሁና የጋሽ በየነን መሬት እንደገና አሰላሁ። ዜሮ ነጥብ ሰባት! ዜሮ ነጥብ ስምንት! አንድ የቡና ገበሬ ሊመኘው የሚችለው ጥላ ነው። እኔ ከካርታው ላይ ያየሁት ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ ብቻ! ማተሚያው ምንም አልጎደለበትም፤ አረንጓዴ ቀለሙ ሞልቶ ነበር። ከነጥብ በኋላ ያለውን አትሰማም ያለችኝ ልጅ ፊቷ ድቅን አለብኝ።

ደወልኩላትና ሁሉንም ነገርኳት።

«የአባቴን ጫካ ቆርጠህ ጣልከው?»

«ከነጥቡ በኋላ የነበረውን ብቻ...»

«የአባቴ ጫካ በሙሉ ከነጥቡ በኋላ ነው!»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ሄደህ ራስህ ንገረው።»

«ዝናሽ፣ ሽማግሌ የላከ ሰው መልስ ሳያገኝ...»

«መልስማ አገኘህ!» አለችና ዘጋችው።

እውነቷን ነው። በማግስቱ ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። ጋሽ በየነን ግቢያቸው በር ላይ አገኘኋቸው፤ አጠር ያሉ፣ ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው የደፉ ሰው ናቸው።

«እንደምን ዋሉ ጋሽ በየነ?»

«ማነህ አንተ?»

«ካርታውን የሠራሁት ነኝ።»

«ሽማግሌ የላክኸውስ?»

«እሱም... እኔው ነኝ።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ከዚያ «ተከተለኝ» አሉና ወደ ጫካው መንገድ ጀመሩ። ገጀራቸው ከቤቱ ምሰሶ ላይ እንደተሰቀለ መቅረቱን አረጋገጥኩና ተከተልኳቸው።

ጫካው እንዴት ያለ ጫካ ነው! ግዙፉ ቀረሮ፣ ዋንዛው፣ ሰሳው፣ ከላይ የተሰቀሉት የንብ ቀፎዎች... ከሥር ግን አረሙ ደረቴ ድረስ አድጓል። ቡናው ያለው እዚያ ውስጥ ነው ቢሉኝ ነው ያመንኩት።

ጋሽ በየነ ቀረሮውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«ዛፍ ነው።»

«ያኛውስ?»

«እሱም ዛፍ ነው።»

«ደህና አድርገህ እይ። ባዶ ሜዳ እንዳይሆን!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «ሌላው ለእርሻ ብሎ ሲቆርጥ እኔ ቅርንጫፍ ስመለምል እንኳ አስቤ ነው። አንተ ባዶ ነው ብለህ ግድግዳ ላይ ሰቀልክብኝ። ሰው ፊት አፍሬ ቀበሌ መሄድ ትቻለሁ» አሉኝ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሰለል አለ። እኔ እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ያዘንኩት ለራሴ ነበር፤ ያኔ ግን ለእሳቸው ከልቤ አዘንኩ። ቁጥሩ ኮምፒዩተር ላይ ቁጥር ነው፤ እዚህ ግን የሰው ክብር ነው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። «አረሙስ ለምን እንዲህ ሆነ?»

«ለማን ብዬ ልመንጥረው? ጫኔ ገጀራ ሳይነካ አንድ አግኝቷል። እኔም ተውኩት። መንደሩ ሁሉ ትቶታል።»

«ጋሽ በየነ፣ ሳተላይት እኮ ከላይ ነው የሚያየው። የሚቆጥረው የዛፉን አናት ነው። አረሙን አያየውም።»

«አያየውም?»

«በጭራሽ።»

አረሙን አዩት። እኔን አዩኝ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ያሳደግኩት ለማን ነው?» አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው።

አጋጣሚውን ሳላሳልፍ ነገሩን ላስረዳ ሞከርኩ። ስለ ሳጥን አወራሁ፣ ስለ ነጥብ አወራሁ፣ ስለ ወይዘሮ አስቴር እህት ሠርግ አወራሁ። ምንም አልገባቸውም። አሁን ምን ልበል እያልኩ ስንተባተብ ሐጂ ትዝ አሉኝ።

«ጋሽ በየነ፣ ሐጂ መጀመሪያ የመጡ ጊዜ ምን ብለው መለሷቸው?»

«ዝናቡ ይለፍና ተመለሱ አልኳቸው።»

«እምቢ ማለትዎ ነበር?»

«ማን እምቢ አለ? እምቢ እንዲህ ነው የሚባለው?»

«እሺ ማለትዎ ነበራ!»

«በምን ሂሳብ? ልጅ በአንድ ቀን ይሰጣል?»

«እንግዲያው ምን ነበር?»

አሰቡ፣ አሰቡና «ወደ እሺው ይጠጋል። እሺ ግን አይደለም» አሉ።

«ኮምፒዩተሬ ይህን ቢሰማ ኖሮ እምቢ ብሎ ይመዘግበው ነበር። ለእሱ ሙሉ እሺ ያልሆነ ሁሉ እምቢ ነው። ጫካዎንም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሙሉ አይደለም፣ ስለዚህ ባዶ ነው አለ።»

ጋሽ በየነ በጣም ደነገጡ። «አሳዳጊ የበደለው ማሽን ነው በለኛ!»

«አሳዳጊው እኔ ነኝ» አልኩ፣ አንገቴን ደፍቼ።

ዓይናቸውን ጠበብ አደረጉ። «አንተስ? ሐጂ መልሴን ሲነግሩህ አንተ ምን ብለህ ሰማኸው?»

ልዋሽ አፌን ከፍቼ ነበር። በዚያ አረም መሐል ቆሜ ግን ውሸት አልመጣልኝም። «እምቢ ብዬ» አልኩ።

ሳቁ! ጋሽ በየነ የሳቁት ሳቅ ቀፎው ውስጥ ያሉትን ንቦች ሳይቀር የቀሰቀሰ ይመስለኛል። እኔም ከእሳቸው ጋር ሳቅኩ፤ እምቢው የተነሳልኝ መስሎኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጠርገው ኮስተር አሉ። «በል ካርታህን አስተካክል። ከዚያ ሽማግሌህን ላክ። አንተ ግን ተመልሰህ እንዳትመጣ፤ ነውር ነው።»

ቢሮ ስደርስ ከወይዘሮ አስቴር ጋር ተፋጠጥን። «ወይ ሠርጉ ወይ ካርታው!» አልኩ።

«የእህቴን ሠርግ አጥፋ ነው የምትለኝ?»

«የእህትዎ ሠርግ የኔን ሠርግ ሊያስቀርብኝ ነው!»

ታሪኩን ስነግራቸው ሆዳቸው ባባ። ሠርጉና መልሱ ይቆዩ ተባለ፤ ቅልቅሉ ጠፋ። «ድሮም ያን ዕለት ተጣልተን ነበር» ብለው ራሳቸው ናቸው የሰረዙት። ካርታውን ነጥብ በሚችል የቁጥር ዓይነት እንደገና አስቀመጥኩት። ታትሞ ሲወጣ ደመቅ ያለ፣ ፈዘዝ ያለ፣ መካከለኛ የሆነ አረንጓዴ ሁሉ መጣ። በዚህኛው ዙር ወይዘሮ አስቴር ራሳቸው አብረውኝ ሄዱ፤ በመሥሪያ ቤት ትእዛዝ ስለሆነ ነውር አይደለም ተባለ። ሕዝቡ ፊት ቆሜ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ የጋሽ በየነ ጫካ ጫካ ነው» አልኩ። አጨበጨቡ። ጫኔ ብቻ እጁን አወጣ።

«የኔ አንድ ይነሳል?»

«አይነሳም ጋሼ፣ ያንተ አሁንም አንድ ነው። ድፍን ጫካ ስለሆነ ግን ቡና መኖሩ በሰው ዓይን ካልተረጋገጠ አልታወቀም።»

«ታዲያ ገብታችሁ እዩዋ!» አለ ጫኔ። የሚገባ ሰው ጠፋ።

ሐጂ ለሦስተኛ ጊዜ ሄዱ። እኔ ሱቅ ውስጥ መቀስ እንዳልነካ ተከልክዬ ጥግ ተቀምጬ ጠበቅኩ። ሲመለሱ ገና ከባጃጅ ሳይወርዱ ጃንጥላቸውን ማራገፍ ጀምረዋል። የማራገፋቸው ነገር ተስፋ ሰጠኝ።

«አሰብንበት አሉ። ዘመድም አማከርን አሉ።»

«እሺ...»

«ዝናቡም አልፏል አሉ።»

ውጭውን አየሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሊበሳው ደርሷል!

«ከዚያም ለልጁ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ብላችሁ ንገሩት አሉ። የቀረችውን በእሱ ሰበብ የበቀለውን አረም መንጥሮ ይውሰዳት አሉ።» ሐጂ ግራ ገብቷቸው አገጫቸውን ያሹ ነበር። «እንዲህ ያለ መልስም ሰምቼ አላውቅም፤ ግን ወግ አለው።»

እናም ቅዳሜ ቅዳሜ የጋሽ በየነ ጫካ ውስጥ ነኝ። ኮምፒዩተር ብቻ ሲነካ የኖረ እጄ ውሃ ቋጥሯል። ጋሽ በየነ ከኋላዬ ቆመው «አረሙን ነው ያልኩህ፣ ቡናውን አይደለም!» ይላሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሠራሁትን ዞረው ያዩና ነጥብ ይሰጡኛል። «ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ አንድ።» በሌላው ቅዳሜ፣ «ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ሁለት።» ነጥብ እንደዚህ ይወዳሉ ብዬ መቼ አስቤ! እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው፣ ማንን እወቅሳለሁ? ጫኔ በአጥሩ በኩል ብቅ ይልና «ነግሬህ ነበር፣ ሚስጥሩ አለመንካት ነው» ብሎኝ ያልፋል።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናሽ ውሃ ይዛልኝ መጣች። ገጀራዬን ተደግፌ ቆምኩ።

«አባትሽ እኮ አንድ የሚሉ አይመስለኝም። እንዲህ እንደጨመሩ ዕድሜያችን ሊያልቅ ነው።»

«ሁልጊዜ የአባቴን ትቆጥራለህ። የኔን ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

እውነትም ጠይቄያት አላውቅም! ሐጂን ጠይቄያለሁ፣ ጋሽ በየነን ጠይቄያለሁ፣ ኮምፒዩተሩን ጠይቄያለሁ። «ያንቺ ስንት ነው?» አልኳት።

«አንድ ነዋ። ሚኒባሱን ስንገፋ ጀምሮ አንድ ነው።»

ገጀራዬን ጥዬ ቆሜ ሳያት ጋሽ በየነ ከቀረሮው ሥር አዩኝ።

«ምን ያስቆምሃል አንተ? ወደ ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ተመልሰሃል!»

ብመለስስ! ሠርጋችን ቡናው ሲለቀም ይሆናል ተብሏል። ቀኑ የተቆረጠው «ዝናቡ ሲያልፍ» ተብሎ ነው፤ በዚህኛው ጊዜ ግን አልደነገጥኩም፣ ወግ አውቄያለሁ። ሰሞኑን ሚዛን ገበያ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ «እንዴት ነው፣ አገባህ ወይ?» እያለ ይጠይቀኛል። እኔም ጃንጥላዬን አራግፌ፣ ረጋ ብዬ እመልሳለሁ።

«አግብቻለሁ ማለት ይቻላል!»